ከቤቴ ጀርባ የነበረው ኩሬ

ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ማስተማር ስጀምር የሰጡኝ ቤት ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። የገበሬ ማኅበሩ አባላት ለመምህራን ብለው በደቦ የሠሩት ነው። ለግድግዳው የሚሆነውን ጭቃ ያወጡት ከዚያው ከጓሮ ስለነበር ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ጉድጓድ ትተውልኝ ሄዱ። የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝና ብርድና ንፋስ አያስደነግጠኝም፤ ያ ጉድጓድ ግን አናደደኝ። አንድ ቀን እገባበታለሁ እያልኩ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ተመላለስኩ። ነገ እናስደፍነዋለን ይሉኛል። ነገ ስብሰባ ነው፤ ከነገ ወዲያ የመሠረተ ትምህርት ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስብሰባ። በመጨረሻ እልህ ያዘኝና፣ ካልደፈኑትማ እጠቀምበታለሁ ብዬ ዶማ ተውሼ ወረድኩበት።

ሐሳቤ ለጎመንና ለካሮት የሚሆን ውሃ ማጠራቀም ነበር። ቤቱ ያለው ከደብሩ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ታችኛውን ዳር ከነሣሩ በተቆረጠ ጓል ከተርኩት። ዶማ የማያውቅ እጄ ውሃ ቋጠረ። ላይኛውን በኩል ስቆፍር አፈሩ እንደ ማላብ አለ፤ እርጥበት ነው ብዬ አለፍኩት። የመጋቢት በልግ ሲጥል ጉድጓዱ ሞላ። ዝናቡ አቋርጦ መሬቱ ተመልሶ ሲሰነጠቅም ውሃው አልጎደለም። ለካስ ያ የሚያልበው አፈር ትንሽ ምንጭ ኖሮት ኩሬዬን ቀስ እያለ ይመግበዋል።

የጠመኔ ሣጥን ደፍቼ ዳሩ ላይ መቀመጥ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ማልጄ እነሣለሁ፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ሌላ ሥራ የለኝም። በቀበሌው ውስጥ እንደ እኔ ያለች ብቸኛ ሴት አልነበረችም፤ የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው መሰለኝ ውሃ ማየት የወደድኩት።

መጀመሪያ የመጡት ውሃው ላይ ቆመው የሚሄዱ፣ እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ነፍሳት ናቸው። ወንዙ ሩቅ ነው፤ እኔ ኩሬ መቆፈሬን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከነሱ ቀጥሎ ቀጭን ሰማያዊ ገላ ያለው ባለ አራት ክንፍ በራሪ መጣ። ከአንድ ሣር ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ አጥሬን ሲለካ ይውላል። ንቦቹ ደግሞ ረፋድ ላይ ይመጡና እርጥቡ ጭቃ ላይ ተደርድረው ውሃ ይቀዳሉ። አንዲት ግራጫ ወፍ ጅራቷን እየወዘወዘች ዳር ለዳር ትሮጣለች፤ ሮጣ ሮጣ ትቆምና አንድ ነገር ረስታ እንደመጣች ሁሉ ወደ ኋላዋ ትመለሳለች። ሳያት ብቻዬን እስቃለሁ።

ዝናብ ባደረ ማግስት አንዲት እንቁራሪት ዓይኗን ብቻ ከውሃው አውጥታ አገኘኋት። አስተያየቷ እኔን እንግዳ፣ ራሷን ባለቤት ያደረገ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጓደኞቿን አመጣች። ማታ ማታ ጩኸታቸው እንቅልፍ ቢነሳኝም አልተከፋሁም፤ ቢያንስ የሰው ወሬ አያወሩም። ከዚያ አንድ ማለዳ ከሣሩ ሥር የተዘፈዘፈ ተልባ የመሰለ ነገር ተንሳፎ አየሁ፤ ውስጡ ጥቋቁር ፍሬ አለበት። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተዝለገለገ። እንቁላላቸው መሆኑን ያወቅሁት ከመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ፍሬዎቹ በየቀኑ እየረዘሙ ሄዱና ጭንቅላትና ጅራት ብቻ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት ወጡ። ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳያቸው ዓሣ ናቸው ብለው ሙጭጭ አሉ። የእንቁራሪት ልጆች ናቸው ብላቸው የሚሰማኝ ጠፋ። መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋቸው፤ መጽሐፉም ተሳስቷል አሉኝ። የኋላ እግራቸው ብቅ ሲል ነው ዝም ያሉት።

ሳቢሳ የሚባለው ወፍም ወሬው ደረሰው። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ምንም እንደማይፈልግ ሰው ዳር ዳሩን ይሄዳል። ከዚያ ድንገት አንዷን ለቀም። ድንጋይ ወርውሬ አባረርኩት። እሱም ምግቡ ነው፣ ተፈጥሮ ነው ብዬ የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ከኔ ኩሬ ሲሆን ግን አንጀቴ አልቻለም።

የሁዳዴ ጾም እኩል ሲሆን ጎረቤቴ መጣች። ከኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ባሏ ለውትድርና ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው አልመጣም፤ በእጇ ያለችው ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላት አንዲት ልጅ ናት። የልጅቱ ዓይን ከጥቂት ሳምንታት ጀምሮ ቀልቶና አብጦ ማዝ ይዞ ነበር። ብርሃን ስለሚወጋት ፊቷን እናቷ ነጠላ ውስጥ ቀብራ ነው የምትውለው። እናትየዋ ሳልሰማት መጥታ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ ለብሳ፣ ኩሬው ዳር ተንበረከከች። በስመ አብ ብላ በእፍኟ ቀዳችና የልጅቱን ዓይን አጠበች። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገች። እኔ ከጓሮ በር ላይ ቆሜ የማየውን ማመን አቃተኝ።

በኋላ ሲገባኝ፣ በአካባቢው ከደብሩ ሥር ጠበል ፈለቀ ተብሎ ከተወራ ሰንብቷል። በሰው አልፈረድኩም። ውሃው የወጣው በጾም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ ምንጩ ሁሉ ሲደርቅ እሱ አልደረቀም። ላየው ሰው ሌላ ምን ይባላል? ዶማው የኔ፣ ጉድጓዱም የጭቃ ጉድጓድ መሆኑን የሚያስታውስ ግን አልነበረም፤ ቆፍረው የሄዱት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል።

አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ይኸ የእንቁራሪት ውሃ ነው፣ ቆሻሻ አለበት፣ ዓይኗን ያብስባታል፣ ወገዳ ክሊኒክ ውሰጃት፣ እዚያ የሚያክመው ድሬሰር ቅባት ይሰጥሻል አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና እሺ አለች። በማግስቱ ማልዳ መጣች። አሁንም ነገርኳት፤ አሁንም እሺ አለች። ሦስተኛ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ልጅቱን አጥባ፣ ዳሩን ተሳልማ ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሎች ሴቶችም ቅል ይዘው ብቅ ማለት ጀመሩ።

ቢቸግረኝ የደብሩን ቄስ ለመንኳቸው። ሰው የሚፈራቸውን ያህል ቁጡ አይደሉም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተው ሣጥኔ ላይ ተቀመጡና ኩሬውን ዝም ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። አንዷ እንቁራሪት ዘልላ ስትገባ ፈገግ አሉ። ሴትየዋ ስትመጣ ልጅቱን በመስቀላቸው ባረኩላት።

«ልጄ፣ ይኸ ጠበል አይደለም» አሏት። «ጠበል ቢሆን እኔ ቀድሜሽ በተጠመቅሁ። ዓይኗን ለሐኪም አሳዪላት፤ ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።»

መስቀሉን ተሳለመች፤ እሺ አባ አለች። ሌሎቹ ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ ቀሩ። እሷ ግን በማግስቱ ከወትሮው ቀድማ መጣች።

ሊቀመንበሩም ነገሩ ጆሯቸው ደረሰ። በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ጓድ መምህርት፣ አዲስ ጠበል አፈለቃችሁ ተብሎ አውራጃ ቢሰማ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ነገውኑ ሰው ልኬ አስደፍነዋለሁ አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለምናቸው ያልሆነላቸው ነገር ዛሬ በአንድ ሌሊት ሊሆን ነው! አይነካም አልኳቸው። የተማሪዎቼ ማስተማሪያ ነው፣ የጎመኔ ማጠጫ ነው፣ ትምህርት ከምርት ጋር የሚሉት ይኸንኑ አይደል ወይ ብዬ በራሳቸው ቋንቋ ተከራከርኩ። ተውኝና ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ያሰብኩት ስለ ጎመን አልነበረም። የፊት እግራቸው ገና ያልወጣ የእንቁራሪት ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢያገኙ ዘለው ይወጣሉ።

የሆሳዕና ሰሞን አንድ ጠዋት ልጅቱን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ደመና ስለነበር ዓይኗን በመጠኑ ገልጣዋለች። እንቁራሪቶቹ ሲጮኹ ጭንቅላቷን ወደ ድምፁ ታዞራለች እንጂ አጠገቧ የምትዘለውን አታያትም። እጄን ፊቷ ላይ አወናጨፍኩት፤ በአንዱ በኩል ዓይኗ አልተርገበገበም። ቀና አድርጌ ሳያት የቀኝ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ተጋርዶበታል። በግራውም ጫፉ ላይ ጀምሯል። እናቷ ከጎኔ ተንበርክካ ውሃ በእፍኟ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ቃል የማይሠራ መሆኑን አይቼዋለሁ። ልጅቱን ከእናቷ ጎን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩና ዶማውን አምጥቼ የታችኛውን ክትር መታሁት። ጓሉ ሥር ሰድዶ ስለነበር ቶሎ አልበጠስ አለኝ። እያለቀስኩ መታሁት። ሲፈርስ ውሃው በአንድ ጊዜ ወጥቶ በጎመኑ መደብ ላይ ወረደ። ኩሬው ተንጠፍጥፎ ጭቃው ታየ፤ ጭቃው ላይ ሕይወት ያላቸው ጥቋቁር ነገሮች ተንፈራፈሩ። ጎንበስ ብዬ በእጄ እየዛቅሁ ወደ ባልዲ ልከታቸው ሞከርኩ፤ አብዛኞቹ በጣቶቼ መሐል ሾለኩ። ላይኛውን ምንጭም አፈር ጠቅጥቄ ደፈንኩት።

እናትየዋ አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። ባዶውን ጉድጓድ አየችው፤ በእፍኟ የቀረውን ውሃ ለቀቀችው፤ ልጅቱን አዝላ ተነሣች። በአጥሩ ቀዳዳ ስትወጣ ዞራ አላየችኝም። እኔ ደወሉ ሲደወል እጄን ታጥቤ ክፍል ገባሁ። ለምን እንዳስተማርኩ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ከሰዓት ስመለስ ሳቢሳዎቹ ጭቃው ላይ ወርደው ይለቅማሉ። አላባረርኳቸውም።

ማታ ደጇ ሄድኩ፤ ቤቱ ተዘግቷል። ጠልታኝ ወደ ዘመዶቿ የሄደች መሰለኝ። አንድ ተማሪ ነው በማግስቱ፣ ልጇን አዝላ የወገዳውን ቁልቁለት ስትወርድ አየናት ያለኝ። ይህን ስሰማ የክፍሉ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ፣ አብሬያት ብወርድ ኖሮ እያልኩ በዓሉን ሁሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ኩሬው በነበረበት ቦታ የበቀለውን አረም እንኳ ለማየት አልወጣሁም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ ትንሽ የቅባት ብልቃጥ ፈትታ አወጣች። የልጅቱን ዓይን በጣቷ እንዳትጎዳው ስለፈራች አንቺ አድርጊላት አለችኝ። ልጅቱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ የዓይኗን ቆብ ገለጥኩ። እብጠቱ ወርዷል፤ ማዙም የለም። ግራው ዓይኗ ጠርቶ ፊቴን ይከተላል። ቀኙ ላይ ያለው ነጭ ነገር እንዳለ ነው።

ሳልጠይቃት ተናገረች።

«የእንቁራሪት ውሃ መሆኑንማ አውቅ ነበር እኮ እህቴ» አለችኝ። «እኔስ ዓይን የለኝም? የፊተኛዋን ልጄን ተሸክሜ ወገዳ ስወርድ ዘግይተሻል ብለው መለሱኝ። ቤት ሳልደርስ ጀርባዬ ላይ አረፈች። ይችንም ይዤ ብሄድ ያንኑ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ጠበል ዘገየሽ አይልማ።»

ሁሉንም አስረድቼያት ነበር፤ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ቅባቱ። ምን ፈራሽ ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። ብልቃጡን ከፍቼ አሁንስ ምን አሉሽ አልኳት።

«ለአንዱ ደርሰሻል፣ ለአንዱ ዘግይተሻል አሉኝ።»

የግራ ዓይኗን ቀባሁላት። ልጅቱ ትንሽ ተወራጨች። ብልቃጡን ልከድን ስል እናቷ እጄን ያዘችኝ።

«ለዚያኛውም አድርጊለት» አለችኝ።

አደረግሁለት።