ለአባቴ የመረጥኩለት ማጉያ

ባለፈው ሰሞን አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ለጌጥ ያስቀመጡት የመሰለኝን አሮጌ የድምፅ ማጉያ አስተናጋጁ ሲያበራው የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ያዘዝኩትን ማኪያቶ ሳልቀምስ ሐሳቤ አማኑኤል ወዳለው የልጅነት ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

አባቴ ምናለሽ ተራ በርሜል ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነበር። ማጉያውንም ያገኘው ከዚያው፣ ለቁራጭ ብረት ከመጣ ዕቃ መካከል ነው፤ አስጠግኖ፣ ወልውሎ፣ ቡፌው ላይ ከቴፑ ጎን በክብር አስቀመጠው። በሆዱ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች ነበሩት፤ እነሱ እስኪግሉ ድረስ ትንፍሽ አይልም፤ ጎረቤት ሲስቅበት አባቴ «ሰውስ ከእንቅልፉ ሲነሳ ወዲያው ያወራል እንዴ?» ይላል። ከነቃም በኋላ ከዘፈኑ ሥር እንደ ንብ እምም የሚል ድምፅ አይጠፋውም፤ እኛ ግን ለምደነው አንሰማውም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ፣ በፈቃድ የመጣ ጓደኛው ድምፁን የቀዳበት ካሴት አመጣልን። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ጽሕፈት ቤት ነው የመደቡኝ፤ ጥይት ሲተኮስ እንኳ ሰምቼ አላውቅም» ይላል። ስንት ወር እህል አልወርድላት ብሎ የከረመችው እናቴ ያንን ከሰማች ወዲህ መብላትም መሳቅም ጀመረች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ካሴቱን ታስከፍታለች።

በዚያ ዘመን የማጉያው ብርጭቆዎች ከውጭ መምጣታቸው ቀርቶ ስለነበር፣ አንደኛው ሲቃጠል መርካቶን ብናስስ ምትክ ጠፋ። ቴፑ ደግሞ ያለ ማጉያ አይሰማም። እናቴ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ሁለት እሑድ ሲያልፋት፣ አባቴ በትራንዚስተር የሚሠራ አዲስ ማጉያ ሊገዛ ወሰነና እኔን የአሥር ዓመት ልጁን እጄን ይዞ ሶማሌ ተራ ወሰደኝ። የበርሜሉ ጩኸት ጆሮውን በልቶት ቀጭን ድምፅ አይለይም ነበር፤ ይህን ለማንም አያወራም። ሱቁ ውስጥ ግን ጎንበስ ብሎ «እኔ የዚህ ነገር አይገባኝም፣ አንቺ ስሚና ምረጪልኝ» አለኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ባለሱቁ፣ ጨዋታ አዋቂ የወሎ ሰው፣ ሦስት ማጉያ ደርድሮ አንዱን ዘፈን በየተራ አሰማኝ። የመጀመሪያው ጎርናና ነው፣ ሁለተኛው ለስላሳ፤ በሦስተኛው ግን የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። «ይሄ!» አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅዎ ጆሮ አላት!» አለ ባለሱቁ።

እሑድ ደረሰ። አዲሱ ማጉያ መጋል አያውቅ፣ እምም ማለት አያውቅ፤ ገና ሲነካ ደምሴ ከፊታችን የቆመ ያህል «እማዬ» አለ። ጽሕፈት ቤት መመደቡን ሲናገር ከጀርባው ሰው ሲያቃስት ሰማን፤ ቀጥሎም የአንዲት ሴት ቀጭን ድምፅ፦ «ወንድሜ፣ ቀና አትበል፣ ቁስልህ ይከፈትብሃል።»

አባቴ አልሰማትም። እንደ ወትሮው ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ከንፈሯን ነክሳ አፈጠጠችብኝ፤ እንግዳ ፊት ስንቀብጥ የምታስፈራራን እንደዚያ ነበር፤ አሁን ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

ከዚያም በኋላ የእሑዱ ካሴት አልቀረም። አባቴ ሲደሰት እናቴ አብራው ትስቃለች፤ ሲያልቅ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ጓዳ ትገባለች፤ እህል ግን እንደገና አልወርድላት አለ። ደምሴ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። አባቴ «የጽሕፈት ቤት ሰው የሚሰናበተው መጨረሻ ነው» እያለ በር በሩን ሲያይ ኖሮ፣ ልጁ ደህና እንደሆነ አምኖ አረፈ። እናቴን ያንን እምነት የቀማኋት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርሽ ይሉኛል፤ አውቃለሁ፤ አያጽናናኝም። እስከ ዕለተ ሞቷ ስለዚያ ማጉያ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ምናለ።