ያልተበተነው አውጫጭኝ

የልጅ ልጄን ሳታረግዝ አርግዛለች ብለው በአገር ፊት ፈረዱባት። በደሉ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ ባያምር አትፍረዱብኝ፤ ፍርድስ በቂ አይቻለሁ።

ልጅቷን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ሆዷን ከታች ያማት ጀመር። ቆይቶ ሆዷ ገፋ፤ ቀሚሷ አልዘጋ አላት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ ያለው ባለሙያ ሆዷን በእጁ እንኳ ሳይዳስስ ሽንት አስመጣና አንዲት ቀጭን ወረቀት ነከረባት። ሁለት መስመር ወጣ።

«እርጉዝ ናት» አለኝ፣ ወደ እሷ ዞር ሳይል።

«ወንድ አላውቅም» አለች።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።»

«ሆዷን ዳስሰው እንጂ! እጅህ ምን ሆኗል?» አልኩት።

«እማማ፣ ምርመራው አይዋሽም» ብሎ ተረኛ ጠራ።

ወሬው ቀድሞን አገር ገባ። ምንጭ ስወርድ አንዲት ጎረቤቴ እንስራዋን እየሞላች «እትዬ፣ ገንፎውን መቼ ነው የምንበላው?» አለችኝ።

«ያንቺን ተዝካር በልተን ስንጨርስ» አልኳት።

በእኛ አገር በግ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አውጫጭኝ ይጠራል። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፤ እውነቱ ሳይወጣ አይበተንም። ለሴት ልጅ ሆድ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። የጠራው ዋርሳዬ ነው፤ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም። የአገር ሽማግሌ ነኝ ብሎ በሰው ፊት ከዘራውን ተክሎ መናገር ይወዳል። «የወንድሜን ቤት ስም ላጠራ ነው» አለ።

አንዱ ተነሣና የጋራ ግጦሻችን ጓሳ ለሣር አጨዳ የተከፈተ ዕለት ልጅቷ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በአንድ ፈረስ ስትመለስ አይቻለሁ አለ። ያን ቀን በረዶ ወርዶ ነበር፤ ፈረስ ያለው ሁሉ የሌለውን አፈናጦ ነው የተመለሰ። ይህን ብናገር ማን ይስማኝ። ጎረምሳው ማለ፣ ተገዘተ። ዋርሳዬ «ወይ አግባት፣ ወይ አገሩን ልቀቅ» ብሎ ፈረደ። ልጁ በማግስቱ ወደ ዓለም ከተማ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። የእኔዋ ትምህርቷን ትታ ቤት ገባች፤ በሩ ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ሕመሙ ግን ጠናባት። የበላችው አይረጋም፤ እጆቿ ቀጠኑ፣ ሆዷ ብቻ ጠነከረ። ዋርሳዬን ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንውሰዳት ስለው «ወሯ ይጠበቅ፤ ያን ጊዜ ሐቁ ራሱ ይወጣል» አለኝ።

«ያን ጊዜ የምትወጣው በቃሬዛ ነው» ብዬ እኔው አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዷን ዳሰሰች። ቀጥላ በመሣሪያ አየቻት።

«ማህፀኗ ባዶ ነው» አለች።

«እስቲ ድገሚው።»

«ባዶ ነው እማማ። ከጎኑ ግን ትልቅ ዕጢ አለ። ከዘር ህዋስ የተነሣ ዕጢ እንደሆነ ነው የምጠረጥረው።»

«ጥርጣሬ አልፈልግም» አልኳት። «እስካሁን በጥርጣሬ ያደረሱብን ይበቃናል።»

አልተቆጣችም። ዕጢውን በቀዶ ጥገና አወጡት፤ ቁራጩ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በየህዋሱ ላይ የየወገኑ ምልክት አለ አለችኝ። ቁራጩ ላይ ልዩ ልዩ ማቅለሚያ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱ ማቅለሚያ የሚይዘው የራሱን ምልክት ካገኘ ብቻ ነው።

«እንደ በግ ጆሮ» አልኩ።

«የበግ ጆሮ ደግሞ እንዴት ነው?»

«በጋችን ጓሳ ላይ ተቀላቅሎ ነው የሚግጠው። እያንዳንዱ ቤት ጆሮውን የሚበጣበት የራሱ ምልክት አለው። ሌባ ምን ቢል ጆሮው ይናገራል።»

ሳቀች። «ልክ እንደዚያ ነው። የዚህኛው ምልክት የዘር ህዋስ ነው። ልጅቷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች፣ እንቁላል እንዲሆኑ የተፈጠሩ ህዋሳት ናቸው፤ ተበላሽተው አደጉ።»

«የማን ናቸው?»

«የራሷ። ወንድ የለበትም።»

«ሽንቷስ?»

«ከዕጢው ህዋሳት አንዳንዶቹ የእንግዴ ልጅ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። የሽንት ምርመራው የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ልጅ ይኑር አይኑር አያይም።»

በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት። ፀጉሯ ረገፈ። ያንኑ ንጥረ ነገር በየጊዜው በደሟ እየለኩ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ አዩ፤ በመጨረሻም ጠፋ። ዳነች።

አገሬ ስመለስ ዋርሳዬን «አውጫጭኙን ጥራ» አልኩት። ዛሬ ነገ አለኝ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ልጅቷን በሻሿ ይዤ ያው ሜዳ ላይ ቆምኩ፤ የሐኪሟንም ቃል ለሕዝቡ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

«ሕመም ነበር፤ እግዜር ማራት፤ ይበቃል እትዬ» አለ ዋርሳዬ።

«በሜዳ ነው ያዋረዳችኋት። በሜዳ መልሱላት።»

ከኋላ አንዱ «እኛ ምን አጠፋን? ሽንቷ ነው የመሰከረው» አለና አሳቀ።

«ሽንት ሲመሰክር የሰማህ፣ ያንተን ጥራውና እሱም ይመስክር!» ስለው ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ሰው ሊሄድ ተነሣሣ። «ተቀመጡ!» አልኩ። «አውጫጭኝ እውነቱ ሳይወጣ አይበተንም፤ ሕጋችሁ ነው። ያን ቀን እውነቱ አልወጣም። ስለዚህ አልተበተነም። ተቀመጡ!»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ሌላውም ተቀመጠ። ከእኔና ከልጅቷ በቀር የቆመ ዋርሳዬ ብቻ ሆነ።

«በል፤ ‹በሐሰት ፈርደናል› በል። ጎረምሳውም ይመለስ።»

ከተመለስን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ወደ እኔ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ንጹሕ እንደሆነች አውቃለሁ» አለኝ። «ግን በሐሰት ፈርደናል ካልኩ፣ ከዛሬ ወዲያ አውጫጭኝ ስጠራ ማን ይመጣልኛል?»