ለአማች የተሰላ ጣሪያ

የሰፈራችንን የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹ «ዜሮ አዳዩ» ይሉታል። ሰላምታ ቢሰጡት እንኳ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም ሰው ነው። ከፍጥረት ሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን የሚስቱን ወንድም ነው። «ቀውላላው» ይለዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ቢሆንም መምህሩ ስለ እሱ ሲያወራ ደመና ይታከካል። ቀውላላው በየቀኑ ምሳ ሲቀርብ ከች ይላል፤ የመምህሩን ወንበር ይይዛል፤ እግሩን ሲዘረጋ ሳሎኑ ያልቃል።

«ወንድምሽ ቤት የለውም?»

«ቤትማ አለው። ልብ የሌለህ አንተ ነህ» ትለዋለች ሚስቱ።

መምህሩ ከቤቱ እስከ ግቢው በር የቆርቆሮ ጣሪያ ሊያሠራ ተነሳ። ለዝናብ ነው አለ። የልቡ ግን ቀውላላው ገና ሲገባ ግንባሩን ተገጭቶ እግሩን እንዲሰበስብ ነው። ከቤቱ ግድግዳ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመው ምሰሶ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ወደ ግቢው በር በየሜትሩ ሃያ ሳንቲ ይወርዳል። x ከግድግዳው ያለው ርቀት፣ y የጣሪያው ከፍታ ይሁን፤ ነጥብና ተዳፋት ካለ መስመሩ በእጅ ነው፦

y − 2.4 = −0.2(x − 2)

የግቢው በር አምስት ሜትር ላይ ስለሆነ ከፍታው እዚያ አንድ ከሰማንያ ይመጣል። መምህሩ ራሱ አጭር ነው፤ ባርኔጣ ደፍቶም ያልፋል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅዎት?» አለው ቀውላላው ከወንበሩ ሆኖ።

«ያንተ ቁመት።»

ከደስታው ብዛት እኩልዮሹን ለበያጁ ሲገለብጥ ከተዳፋቱ ፊት ያለችውን ማይነስ ዘለላት። ደግሞ አረጋገጠ፦ በ x ቦታ ሁለት አስገባ፣ ሁለት ከአርባ ወጣለት። በዚያች ነጥብማ የፈለገው ተዳፋት ቢገባ ልክ ነው። በዚችው ስህተት ስንቱን ተማሪ አስለቅሷል።

ጠዋት በያጁ ወረቀቱን አይቶ፣ «ወደ ቤቱ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለ።

«አንተ በይድ። ማሰቡን ለእኔ ተው።»

በያጁ ተቀየመና እንደተጻፈው በየደ። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዝናቡ እየወረደ ነበር። በግቢው በር በኩል ጣሪያው ሦስት ሜትር ተሰቅሏል፤ ቀውላላው መሰላል ተሸክሞ ቢገባም አይነካው። የሰማዩ ውሃ ሁሉ ተመካክሮ ወደ ሳሎን ይገባል። ቀውላላው ሱሪውን ሰብስቦ በባልዲ ይጨልፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እስኪፈርስ እዚሁ ባድር ሳይሻል አይቀርም።»

«አልጋ የለም።»

«ያንተ አልራሰም» አለች ሚስቱ። «እሱ እዚያ ይተኛል፤ አንተ ወንበርህ ላይ።»

ወንበሩ በመጨረሻ ተመለሰለት።