ጥርሳሙ ብረት በፍልሰታ

ያን ቀን ጠዋት ሳማ እየለቀምሁ ነበር። ፍልሰታ ከገባች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር ለወጥ የሚሆነውን ለጋ ለጋውን እቆርጣለሁ። ጨርቁ ረጥቦ ሳማው ዘልቆ ይፈጀኛል፣ እኔም እራገማለሁ። ልጄ፣ አክስትሽ፣ ከላይ ቤት እየሮጠች መጣች፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

«ሰጠችኝ» አለችኝ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋትም። ሳምንት ሙሉ ስንለምነው የከረምነው ጥርሳሙ ብረት ነው።

ይህን ብረት ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እንዴት ያለ እንደሆነ በደንብ ጻፊው። ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ናት ከሮብ ገበያ ያመጣችው። ወፈር ያለ የሸምበቆ ቁራጭ የሚያህል ቱቦ ነው፣ አፉ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ በላይ በኩል የእንጨት እጀታ። አፕሉ መሀል ላይ ተክለሽ ስታዞሪው የውስጡን ከነዘሩ መዝዞ ያወጣዋል አለችን። ማውጣቱንስ ያወጣዋል። መጀመሪያ ግን የሰው ሥጋ ሳይቀምስ አይሆንለትም።

ልጅቱ ስታሳየን አፕሉን መዳፏ ላይ አድርጋ ነው። ለስለስ ያለውን መርጣ ኖሯል፣ እኔ ምን አውቄ። በመጀመሪያው ተራዬ እቤቴ እንደሷ ይዤ ብገፋው አፕሉን አልፎ መዳፌን ወጋኝ። ጠባሳው ይኸው፣ ክብ ነው፣ የቀበሌ ማኅተም ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ልንገርሽ። በእጅሽ ይዘሽ እንዳትወጊ። ጨርቅ አጥፈሽ ጣውላ ላይ አንጥፊ፣ አፕሉን በቂጡ አስቀምጪው፣ ጭራው ወደ ላይ ይሁን፣ ጥርሱን ጭራው ላይ ትከይ። አትግፊ። ወዲህና ወዲያ እያልሽ አዙሪው እንጂ። የምትገፋ ሴት አፕሉን ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ገልብጠሽ ከቂጡ በኩል ጀምሪ፣ ቀዳዳው መሀል ላይ ይገናኛል። ዘሩ ቱቦው ውስጥ ሲቀር በእንጨት ገፍተሽ አውጪው፣ ጣት የሚባል እንዳትሰጂበት። የተቆረጠውን ጨው ጣል ያለበት ውኃ ውስጥ ጨምሪው፣ አለዚያ ይጠቁራል። ሲያልቅ ብረቱን ወዲያው በአመድ ፈትገሽ በፈላ ውኃ እጠቢ። ያ ሁሉ ነገር የመጣው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንዲት ሴት ስላላደረገቻት ነው።

ሴትዮዋ የባሌ እህት ናት፣ ከላይ ያለው ቤት የሷ ነው። ባሌን የምትበልጠው በሦስት ዓመት ነው፣ እኔን ግን እናቱ ሆና ነው የገዛችኝ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ እትዬ እላታለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ምን እንደምላት ለልጅ አይነገርም። ዶሮዬ ከጓሮዋ ከገባ አይመለስም። እኔም የሷ በግ ከገብሴ ሲገባ ድንጋይ መርጬ ነበር የምወረውር።

በጎጣችን አፕል ያፈራልን ሦስት ቤት ብቻ ነበርን፤ እኔ፣ እሷና ከወንዙ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን። ብረቱ አንድ ነው፣ ለሦስታችን በተራ። ልጅቱ ምን አለችን፣ በፍልሰታ ስድስተኛው ቀን ቅዳሴ ሲወጣ ገበሬ ማሠልጠኛው ግቢ አፕላችሁን ፈልፍላችሁ፣ እንደ ቀለበት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በሰፌድ አምጡ፤ ያልተሰበረ፣ ዘር ያልቀረበት፣ ያማረ ላመጣች ዐሥራ ሁለት የተዳቀለ ችግኝ ይሰጣታል። አባም መጥተው ይባርካሉ፣ ይቀምሳሉ።

ችግኙን ለራሴ አልፈለግሁትም። አክስትሽ ባሏን ፈትታ ከደብረ ኤልያስ ልጅ አዝላ ተመልሳ ነበር። አባቷ የተወላት ከጓሮ ያለችውን ቁራጭ መሬት ብቻ ነው፤ እሷም ለገብስ አትበቃ፣ ለድንች አትበቃ። ለዐሥራ ሁለት ችግኝ ግን ትበቃለች፣ ተራምጄ ለክቻታለሁ። እሱ ካልሆነ ልጇን እኔ ዘንድ ትታ ማርቆስ ወርዳ የሰው ቤት ልትቀጠር ቆርጣለች። ይህን የባሌ እህት አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ተራዋ አልቆ ብረቱን ለምኑልን ብለን ሰው ብንልክ፣ ጠፋ አለች። ኋላ ተገኘ ግን እጀታው ወልቋል አለች። ይኸው በመጨረሻው ጠዋት ሰጠችን።

ሳማውን ጥዬ ገባሁ። ጨርቅ አነጠፍን፣ ጀመርን። አክስትሽ ትይዛለች፣ እኔ አዞራለሁ። ሃያ የሚሆን ፈለፈልን፣ አንድም አልተሰነጠቀ። ሰፌዱ ላይ ስንደረድረው ዓይን ይስባል። ከዚያ ብረቱ እንቢ አለ፤ ዘሩ ቱቦው ውስጥ ተጣበቀ፣ በእንጨት ብገፋው አይወጣም። ወደ ብርሃን አድርጌ ባየው ውስጡ ነጭ ነገር ጋግሯል። ሰም መስሎኝ እሳቱ ላይ ሞቅ አደረግሁት።

ቀለጠና ሸተተ። የበሬ ስብ።

አክስትሽ ሰፌዱን አየች፣ እኔን አየች። «እማ፣ እንጠበውና እንውሰደው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ማን ያውቃል?»

እኔም ልወስደው ነበር። አባ በአፋቸው እንደሚያደርጉት እያወቅሁ፣ በእመቤታችን ጾም፣ ሎሚ ጨምቄ ሽታውን አጥፍቼ ልወስደው ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ላይ ቤት ወጣሁ። ብረቱ እንዳይዝግ የኑግ ዘይት ቀባሁት ብትለኝ፣ ውሸቷን መሆኑን ባውቅም ተቀብያት እመለስ ነበር። ከዚያች ሴት ውሸት ለምኜ የሄድሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከበራፏ ተቀምጣለች፤ ሰፌዷ ነጠላ ለብሷል።

«እትዬ፣ ይህን ብረት ምን አስነኩት?» አልኋት።

«አፕል።»

«ስብ አለበት።»

«የሰኔ ጾም የተፈታ ለታ ቅልጥም አወጣሁበታ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት። «ጥርስ የለኝ፣ በምን ልምጠጠው? እጁን ሰድዶ ነው መዝዞ የሚያወጣልሽ።»

«ታዲያ የእርስዎስ ሰፌድ?»

«እኔ አጥቤዋለሁ። ብረት ነው፣ ብረት ምን ይጾማል? አንቺ ገና ከመጣሽ ጀምሮ የኔን ቤት ስታሸቺ ነው የኖርሽው። ልጅሽም ባሏን የፈታችው እንዳንቺ ስታሸት ውላ ስታሸት እያደረች ነው።»

ብረቱን ይዤ ወረድሁ።

ሰፌዱን ጾም ላልያዙት ሕፃናት ሰጠሁት፤ አባትሽ ታናሽ ወንድሜን ይዤ በልቼዋለሁ የሚለውን እንዳታምኚ፣ ያኔ እሱ ጎልማሳ ነበር። የበሉት የአክስትሽ ልጅና ታላቅ እህትሽ ናቸው፣ አንዱንም ሳያስቀሩ አሟጥጠው። ሌላ አፕል በቢላዋ እንዳልቆርጥ ዛፉ ላይ የቀረው በረዶ የመታው ብቻ ነው። አክስትሽ አላለቀሰችም። ከመደቡ ሥር ጫማዋን አውጥታ ጭቃውን ትፈገፍግ ጀመር። ማርቆስ የምትወርድበትን ጫማ። እሱን ሳይ ነው ደሜ የፈላ። ብረቱን በነጠላዬ ቋጥሬ ማሠልጠኛው ሄድሁ።

ለጾሙ ተቆርቁሬ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ያቺ ሴት ችግኙን አሸክማ በደጄ ስታልፍ ላለማየት ነው።

ሁለት ሰፌድ ቀርቧል። የባሌ እህት ቀለበቶች ተደርድረው ያበራሉ። የማዶዋ ጎረቤታችን ግን ቀዳዳው ሁሉ ተቦጫጭቆ፣ ገሚሱ ተሰብሮ፣ ውሻ የቀማችው ይመስላል። አባ ሊባርኩ እጃቸውን ሲያነሡ ብረቱን ከፊታቸው አኖርሁት። «አባ፣ ይህ ቅልጥም የወጣበት ነው። ስቡ እስካሁን አለ። በዚህ የፈለፈለች ካለች ትናገር» አልሁ።

አባ አነሡና አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። የግብርናዋ ልጅ በፈላ ውኃ ይታጠባል እኮ፣ ምንም አይደለም ስትል አንድ ሽማግሌ ልጄ ይህ ያንቺ ትምህርት አይደለም አሏት። አባ የባሌን እህት ጠየቋት። መዋሸት ትችል ነበር፤ ኩራቷ አላስዋሻትም። አጥቤዋለሁ አባ አለች። እንግዲህ ይህን አልባርከውም አሏት። ወደ ጎረቤታችን ዞረው ያንቺስ በምን ነው ቢሏት፣ በቢላዋ አባ፣ ያንን ብረት እፈራዋለሁ፣ አያዩት እንዴት እንደ ተቦጫጨቀ አለች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የባሌ እህት ጎረቤታችንን አየት አደረገቻት። ከዚያ ሰፌዷን አንሥታ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ «አሁን ጠገብሽ?» አለችኝ። አዎ እትዬ አልኋት።

አባ የጎረቤታችንን ባረኩ፣ ቀመሱ፣ ለሰዉም አዳረሱ። እኔም አንዷን በላሁ፣ ጣፋጭ ነበረች። ሌላ የቀረ ሰፌድ የለምና ዐሥራ ሁለቱ ችግኝ ለሷ ተሰጠ። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ የማስበው የአክስትሽን ጫማ ነው። ጠላቴን አዋርጄ ልጄን አልጠቀምሁም፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ የሚችል ሰው አይቼ አላውቅም።

ስመለስ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሙልጭ አድርጎ ይጥላል። ጎረቤታችን ከኋላ ደረሰችብኝ፣ ችግኙን ልጆቿ በላስቲኩ እንዳለ ተሸክመው ቀድመዋታል። እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት፣ ከጥርሴ። እሷ ወደ ኋላ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። ክንዴን ይዛ ከመንገዱ ዳር አወጣችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«የባልሽ እህት ሳትነግርሽ እኔው ልንገርሽ፤ እኔም በጥርሳሙ ነው የፈለፈልሁት፣ ብረቱ እኔ ዘንድ መክረሙ እንዳይታወቅ በቢላዋ የነካካሁት ኋላ ነው። አንቺ ስትለምኛት የከረምሽው ሳምንት ብረቱ እኔ ቤት ነበር፤ ላንቺ እንዳላሳይ ብላ ነው የሰጠችኝ፣ ትናንት መለስሁላት። ቅልጥሙን ካንቺ አፍ መስማቴ ነው። ለአባ በንስሐ እነግራቸዋለሁ፣ ያ የኔ ዕዳ ነው። አንቺ ዝም በይ። ልጅሽ ማርቆስ አትውረድ፣ ነገ ትምጣና ስድስቱን ትውሰድ። ከተናገርሽ ግን ቅጠሉንም አላሳያት።»