የቁናው እንጨት

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ደግ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ራሳቸው ይስቁብኛል፤ ነጋዴ ነበሩ። ባንክ የሚያበድረው የከተማ ቤት ላስያዘ ነውና፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ዘር ሲያጥረው ጎንደር ወርዶ ከእኛ መደብር ገብስ ይበደራል። ሌላው አበዳሪ ሲሰጥ ቁናውን ከአፉ ጋር ያስተካክላል፣ ሲቀበል ይቆልላል። አጎቴ ግን ሲሰጡም ሲቀበሉም ማስተካከያውን እንጨት ለገበሬው ያስይዙት ነበር።

«ምነው አያ፣ እኛስ ምን እንብላ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ወለዱን ፊት ለፊት ነግሬው እወስዳለሁ። እንጨቱን ራሱ ካልያዘ ግን ባልሰርቀውም እንደተሰረቀ ነው የሚያስብ። ለከርሞ የሚመጣ ይመስልሃል?»

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብድሩን ሊመልስ መጣ። ቁናውን ስሞላ እጄ ሳላስበው ይቆልል ጀመር። ሰውዬው አልተቆጣም። ባዶውን የአጎቴን መደብ አየና እጁን ዘረጋ።

«በል ልጄ፣ እንጨቱን ወዲህ በል።»

እንጨቱ እሳቸው ካስቀመጡበት ከመደቡ ሥር ነበር። አቧራውን ጠርጌ ሰጠሁት። ሲያስተካክለው ሁለት እፍኝ ያህል ገብስ ወደ ስልቻው ተመለሰ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ስልቻውን እያሰረ። «ለሰኔ ዘር ካጠረኝ እመጣለሁ።»