አውራ ጣታቸው ላይ የተሰካችው መርፌ

መርፌዋ ስትወጋቸው በእርግጥ አልተሰማቸውም ነበር ወይስ እኔ እንዳልደነግጥ ብለው ሕመሙን ዋጡት? አክስቴ ካረፉ ወዲህም ይህን መመለስ አልቻልኩም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ባህል አዳራሽ አጠገብ በነበረው ቤታቸው፣ መስቀለኛ ጥልፍ ያስተምሩኝ ነበር። እኔ ያኔ ማታ ማታ ፊደል የምቆጥር ትልቅ ሴት ነበርኩ። እሳቸው መርፌ ከእጅ ወደ እጅ አያቀብሉም፤ ጨርቁ ላይ ይሰኩና «አንሺ፤ ከእጄ ከተቀበልሽ እንጣላለን» ይሉኛል።

አንድ ቀን የምንጠልፈውን የትራስ ልብስ እያገላበጡ «መርፌዋን የት ደበቅሽብኝ?» አሉኝ። ገና ያልተጠለፈው ቦታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ክር መስሎኝ ነበር፤ ደም ነው። መርፌዋ አውራ ጣታቸው ላይ ተሰክታለች።

«እትዬ፣ ጣትዎ!»

«ምን ያስጮህሻል? ጣትና ጨርቅ መለየት ያቃታት መርፌዋ ናት» ብለው ሳቁ። ነቅለው ደሙን ሲጠርጉ ግን ሳቁ ጠፋ። «ለልጄ እንዳትነግሪ። ስኳር ነው ብላ ሐኪም ቤት ካስገባችኝ አልወጣም። ማርያምን በይ።»

ማልኩ። ከዚያ ወዲያ ከጥልፉ ይልቅ እጃቸውን ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን ወንበራቸው ባዶ ነው፤ እኔ ግን ስጠልፍ ዛሬም ጣቶቼን ደጋግሜ እዳብሳለሁ።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ፒያሳ ወዳለው የልጃቸው ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«እኔንም ስለ ጣቷ ላንቺ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር» አለችኝ፤ «ፈርተሽ ጥልፉን እንዳትተዪው ብላ።»