በር ላይ የሚቀር ጠብመንጃ

ሸሕዲ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ኮሪደሩን ወልውዬ ሳልጨርስ የበር ሥራ ተጨመረልኝ። ዘበኛው ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በዚያው ቀርቶ ነበር። ኀላፊያችን ሲስተር የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ።

«መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ጥይቱን ራሱ ያውጣ። አንቺ ተቀብለሽ ትቆልፊበታለሽ፤ ሲወጣ ትመልሺለታለሽ።»

«ማን ምን እንደያዘ ቢጠይቁኝስ?»

«ምን እንደታመመ ቢጠይቁሽ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም።»

«ይኸም እንደዚያው ነው።»

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ማውራትም አልወድም። ሥራው ተስማማኝ።

ገበሬዎቹ ጠብመንጃቸውን ከአቧራ ለመከላከል በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያመጡት። እኛም አንፈታውም።

አንድ ጠዋት አያ ደርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሊታዩ ከሽንፋ በኩል መጡ። ጥቅልላቸውን ሰጡኝ።

«ጥይቱን አውጥተዋል?»

«አውጥቻለሁ ልጄ።»

በአንድ እጄ አነሣሁት። በጨርቁ ላይ ስዳስሰው የአካፋ እጀታ ነው። ሽማግሌው ዕቃ ክፍሉ በር ድረስ ተከትለውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዓይኔ ዒላማ መለየት ሲተው ሸጥኩት። እርሻ ላይ የማድረው ብቻዬን ነው። ባዶ እጄን መሆኔን አጋቾች ከሰሙ አልሰነብትም።»

ቆለፍኩበት።

አግዳሚው ላይ የወባ ምርመራ ውጤቱን የሚጠብቅ የቀን ሠራተኞች ደላላ ተቀምጦ ነበር። አያ ደርሶ ምርመራ ክፍል እንደገቡ ጠራኝ።

«አንቺ ዓይናፋር፣ የሽማግሌው ክላሽ ነው?»

መወልወያዬን አንሥቼ ወደ ወለሉ አጎነበስኩ።

«በአንድ እጅ አነሣሽው እኮ። ክላሽ እንዲህ ይቀላል?»

ምንም ሳልናገር እጄ ተናግሮብኛል። ምን እንደምመልስ ሳስብ አንድ ትራክተር ነጂ ትልቅ ጠብመንጃ ይዞ ገባ። ጥይቱን አወጣ። ጠብመንጃውን በአንድ እጄ ተቀበልኩት። ትከሻዬ የተገነጠለ መሰለኝ። ፊቴን ሳላጨማድድ ይዤው አለፍኩ።

ደላላው እስከ ዕቃ ክፍሉ ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ።

«ይቺ ልጅ ምን እየበላች ነው ያደገችው?»

«ማሽላ» አልኩት።

አያ ደርሶ ጠብታቸውን ይዘው ወጡ። ጥቅልላቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ ደላላውን ሰላም ብለው ሄዱ። ደላላውም ተነሥቶ አሳለፋቸው።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር «ትከሻሽን ምን ነካሽ?» አሉኝ። «መወልወያው ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠብመንጃ ተቀብያለሁ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ሥራውን ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ ሰው መሣሪያ ይኑረው አይኑረው፣ ተናጋሪው እሱ ራሱ ነው። እናንተ ሁሉንም እኩል አንሡ።